ጨረቃን የገፋው ስሌት

መምህር ያረጋል የጎጃም ሰው ነው። ወልቂጤ ሒሳብ እንዲያስተምር ሲመደብ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረውን ጥናት ይዞ መጣ። ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ እየተሳሳቡ ሲንቀሳቀሱ አካሄዳቸውን በስሌት መግለጽ ፈልጎ ነበር። ሁለት ቢሆኑ ቀላል ነው፤ ሦስት ሲሆኑ አንዱ የሌላውን መንገድ እያዛባ ነገሩ ይተበተባል። ስለዚህ ሁሉንም ከአንድ ቦታ መለካቱን ተወው። ጨረቃን ከምድር ይለካል፤ ፀሐይን ግን ምድርና ጨረቃ ከሚመዛዘኑበት ነጥብ። እንዲህ ሲያደርገው ስሌቱ ይቀልለት ነበር።

በ1963 ዓ.ም. የዓይኑ እይታ ከዳር ከዳር እየጠበበ ሄደ። አዲስ አበባ የመረመረው ሐኪም፣ "ነርቩ ሞቷል፤ መነጽርም አይመልሰውም" አለው። በዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ጨርሶ ጠፋበት።

ሚስቱ ተናኘወርቅ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። "አንተ ብቻ ተናገር፤ እኔ እጽፋለሁ" አለችው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። እሱ ይላል፣ እሷ ትጽፋለች፤ የምትጽፈው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም።

ክረምት ሲገባ ስሌቱን ሊፈትሸው ፈለገ። "እስቲ ፀሐይን አውጫት፤ በእሷ ቦታ ሁሉ ዜሮ አድርጊ" አላት። ፀሐይ ከሌለች ጨረቃ ምድርን እየዞረች መኖር ነበረባት። ተናኘወርቅ የቀረውን አነበበችለት። በስሌቱ ምድር ጨረቃን በመሳብ ፈንታ ትገፋታለች።

"ድገሚው።"

ደገመችው። ያው ነው።

"አንድ ቦታ ላይ መቀነስ ሲገባው ተደምሯል" አለ።

"የት ላይ?"

"እሱን ማየት አልቻልኩማ!"

ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምራ ታነብለት ጀመር። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የላይኛው መስመር ከልቡ ይጠፋል። ጎረቤታቸው ባዩ ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምረው፤ ሊረዳቸው መጣና ወረቀቱን አገላብጦ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው" ብሎ መለሰው።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ" አለች ተናኘወርቅ እያለቀሰች።

"እኔም ተሳስቼ ነግሬሽ ይሆናል። የተሳሳተው ማን እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም።"

ድሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውን ፈረንጅ ፍለጋ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲው በር ዝግ ነው። "ተማሪ ረብሾ ተዘግቷል" አላቸው ዘበኛው። "የምትፈልጓቸውም ፈረንጅ አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል።" ያረጋል የበሩን ብረት እንደያዘ ቆመ። ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስም ሊመጣለት አልቻለም።

ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ፈቃደ ቤታቸው ድረስ መጡ። "መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። ለመስከረም በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ተልኮልናል።" ያረጋል፣ "ምን ያድርጉ፤ ገብቶኛል" አላቸው።

ባልና ሚስቱ ቡታጅራ፣ የተናኘወርቅ ወላጆች ግቢ ገቡ። እሷ ቅቤ እየነገደች ታኖረው ጀመር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በር ላይ አገኘችውና፣ "ወረቀቱን ላምጣልህ?" አለችው።

"ተይው" አለ፤ "ይልቅ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ" ብሎ በእጁ ወንበሩን ይፈልግላት ጀመር። ወንበሩ በሌላ በኩል ነበር። ቀስ ብላ ወደ እጁ አስጠጋችለት።