አንድ ጆንያ የሞተ ሞባይል

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፤ ወርቅም አልተገኘበትም። ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ከዐረብ አገር ተባርሮ የመጣ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ የኛ ቤት ታሪክ ከሌላው በምን ይለያል እያልኩ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን የምጽፈው ጥፋቱ ውስጥ የኔም እጅ ስላለበት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከሳዑዲ የተመለሰው እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንድ ፌስታል ልብስና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ጅዳ ውስጥ አሮጌ ዕቃ በሚፈታበት ግቢ ሲሠራ፣ አንድ ፓኪስታናዊ ከኮምፒውተርና ከሞባይል የውስጥ ቦርድ፣ እኛ ካርድ ከምንለው፣ ወርቅ ያወጣ ነበር። እንዴት እንደሚያወጣ ግን ወንድሜ አላየም፤ ሰውዬው ያን ጊዜ በሩን ይዘጋል። ቢሆንም ከሞባይል ጠጋኞች፣ ከገበያና ከደሴ እየለቃቀመ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ የሞተ ሞባይልና የተሰባበረ ካርድ ሞላ። ጆንያው የሚቀመጠው እኔ የምተኛበት አልጋ ሥር ነበር።

እናታችን ጆንያውን ባየች ቁጥር ትሳደባለች። "ያ አላህ! ይሄን የሚያህል ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ ታቅፎ ይውላል?" እሱ ለእሷ አይመልስላትም። የሚመልሰው ለኔ ነው። "ይሄ ከተሳካ እዚሁ ሱቅ እከፍታለሁ። ካልተሳካ በጅቡቲ በኩል እመለሳለሁ፤ ደላላው ቦታ ይዞልኛል።" ያን የባሕር መንገድ ሄደው የቀሩ የሰፈራችን ልጆች ስም እቤታችን አይነሣም ነበር። እናቴ እየተሳደበችም የምትለምነው እንዳይሄድ ነው። እኔም ጆንያውን እየጠላሁ ወርቅ እንዲወጣው ዱዓ የማደርገው ለዚሁ ነበር።

ወርቁን ከካርዱ የሚያላቅቀው አሲድ የሚገኘው ወርቅ ሠሪው ዘንድ ብቻ ነው። ከመስጊዱ ዝቅ ብለው የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ከጎኑ ይሰግዱ ነበር። የከተማው ሴት ሁሉ ጉትቻዋን የምታሠራው እሳቸው ጋ ነው። እቤታቸው ግን ማንም አይበላም። ቀጥቃጭ ስለሆኑ ቡዳ ናቸው ይባላል። ይህን መቼና ከማን እንደሰማሁት አላስታውስም፤ ሁልጊዜ የማውቀው ነገር ነበር።

ሁለታችንን ከነጆንያችን ሲያዩን ሳቁ። "ተማሪዋን ለምን አመጣሃት?"

"ኬሚስትሪ ታውቃለች ጋሼ።"

"በል ኬሚስቷም ትግባ" አሉ።

ሊያስተምሩን ተስማሙ፤ በራሳቸው ወግ ግን ነው። እሳቸው ዘንድ የሚማር ሰው ጠዋት መጥቶ የሚቆረጠውን ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ከአንድ ሳህን አብሮ ይበላል፤ እሳትና አሲድ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸውንም አባታቸው ያስተማሯቸው እንዲሁ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነበር፤ እኔ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ጆንያውን ሙሉ ዘርግፈን ከየካርዱ ላይ ቢጫ ቢጫውን ጫፍ በፒንሳ ስንቆርጥ ረፈደ። የተቆረጠው ሁሉ አንድ ጭብጥ አይሞላም። ሚስታቸው ትኩስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ለውሰው አመጡ።

"ቢስሚላሂ በሉ" አሉ ሽማግሌው።

ወንድሜ እጁን ሰበሰበ። "ጾመኛ ነኝ ጋሼ። ሐሙስ ሐሙስ እጾማለሁ።"

"ወይ ጾመኛ! ጠዋት ደጄ ላይ ቆመህ ጫት ስትቅም ያየሁህ፣ ላንተ ብቻ ቀድሞ መግሪብ ብሎልህ ነው?"

ሚስታቸው ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። ሦስቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ማስደሰት የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። ቂጣውን ቆረስኩ፤ ወደ አፌ አስጠግቼ ሻርፔ ውስጥ ደበቅኩት። ደግሜ ቆረስኩ፤ ደግሜ ደበቅኩ። "ሲጣፍጥ!" እስከማለት ደረስኩ። ልነሣ ስል ሦስት ጉርሻ ቂጣ ከሻርፔ ወርዶ መሬቱ ላይ ተበተነ።

ሚስታቸው ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙት፤ አመዱን እፍ እፍ አሉና ራሳቸው ጎረሱት።

ሽማግሌው ተነሥተው ሁለት ጠርሙስ አሲድና በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት አመጡ። "ደጅ ሥሩት፤ ጢሱን እንዳትስቡት። ሲሟሟ ዱቄቱን ጨምሩና አሳድሩት። አሁን ከቤቴ ውጡ።"

"ከዚያስ ጋሼ?" አለ ወንድሜ።

"ከዚያማ ኬሚስቷ ታውቃለች።"

ቅዳሜ ጓሮ ሠራነው። ቀይ ጢስ ወጣ፤ ሁለታችንም እስኪያስመልሰን ሳልን። ዱቄቱን ጨምረን አሳደርነው። እሑድ ጠዋት ጠርሙሱ ሥር የቦይ ደለል የመሰለ ቡናማ ጭቃ ተኝቷል። ወንድሜ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ከግራ ቀኝ አዟዟረው። የሚያብለጨልጭ ነገር የለም።

"የታለ ወርቁ? አሳይኛ! ኬሚስት አይደለሽ?"

"ትንሽ እናቆየው። ሄጄ ልጠይቃቸው።"

"እዚያ ቤት ትረግጪና እግርሽን ነው የምሰብረው!"

ጠርሙሱን ከእጁ ልቀበለው እችል ነበር፤ አልተቀበልኩትም። ከግቢያችን ውጭ ያለው ቦይ ውስጥ ደፋው። ከሰዓት ዝናብ ጣለ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተደብቄ ሄድኩ። ሽማግሌው ጉትቻ እየሞረዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ቡናማ ጭቃ ወጣላችሁ?"

"አዎ።"

"የት አለ?"

"ደፋነው።"

ሞረዱን አስቀመጡ። "እሱ ነበር እኮ ወርቁ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እሳት ሲነካው ነው ቢጫ የሚሆን። ብዙም አይደል፣ የስንዴ ፍሬ ቢያክል ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"እሱን የምነግራችሁ ከበላችሁ በኋላ ነበር።"

"ወንድሜ በባሕር ሊሄድ ነው እኮ!" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"ይሂዳ። እኔ ቤት ከመብላት ባሕሩ ከቀለለው ይሂድ።"

እውነት ለመናገር ጠላኋቸው። መንገድ ላይ ግን በእሳቸው የምፈርድበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። ማታ ሁሉንም ለወንድሜ ነገርኩት። የስንዴ ፍሬ መሆኑን ስነግረው እንኳ ደስ የሚል ነገር እንደሰማ ሰው ዓይኑ በራ፤ ወርቅ መኖሩ ብቻ በቅቶት ነበር። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ።

"ዳግም የሚያስተምረን የለም። አንቺ ነሽ። ቂጣ መብላት አቅቶሽ!"

"አንተስ? ጾመኛው!"

ባዶውን ጆንያ ፊቴ ላይ ወረወረው። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ጉዳዩን ስትሰማ "እንኳንም አልበላችሁ!" አለች። "የዚያን ሰውዬ እህል ከምትቀምሱ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ወንድሜ አያት። ከዚያ በኋላ ምን ልትል እንደነበር ሦስታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገረኝም። ሳህኑን እኔ ካቀረብኩለት አይነካውም። እናቴ ሁለት ጊዜ ደላላው ቤት ሄዳ በር ላይ ተሳድባ ተመለሰች። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እኔ ፈተና ላይ ሳለሁ፣ በደሴው መኪና ወደ ጅቡቲ ሄደ። ሰኔ 14 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር።