ልጆችን የማይዋሽ ትምህርት ቤት

ባለቤቴ በሞተ በወራት ውስጥ፣ ከእሱ ጋር ተከራይተን የኖርንበት ቤት ለመንገድ ተብሎ ፈረሰና ከልጄ ጋር ወደ ጉለሌ መጣን። ቀጨኔ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሁለት ክፍል አገኘሁ። እናቴ እዚያው አቅራቢያ ስለምትኖር ሥራ ስውል ልጄን ታይልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ቁጭ አትልም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

የምፈልገው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ እየተጫወተች የምትማርበት፣ ማንም ወደ ራሱ ወገን የማይስባት ቦታ። ባለቤቴ ሙስሊም ነበር፣ እኔ ክርስቲያን። በእኛ አገር እንዲህ የተጋባ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በሥጋ ነው። እኔ የምበላውን እሱ አይበላም፣ እሱ የሚበላውን እኔ አልበላም። በቃ፣ ቤታችን ሥጋ አይገባም ነበር። ጓደኞቻችን "በጎች ቢያውቁ እናንተ ግቢ ይሰደዱ ነበር" እያሉ ይስቁብናል። ልጅ ስትወለድ ደግሞ ክርስትና ላናስነሳት፣ ቁርኣን ቤትም ላናስገባት፣ አድጋ ራሷ እንድትመርጥ ተስማማን። ሁለቱም አያቶቿ አኮረፉን። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ "ቃላችንን አደራ" ብሎኛል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ትምህርት ቤት ከቤተ ክርስቲያን አጥር የተጠጋ ነው። መዝጋቢዋ ደግ ሴት ናት፤ የልጄን ጉንጭ ሳመችና "የክርስትና ስሟስ?" አለችኝ። የላትም ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች እንጂ ክፉ አልተናገረችም። ቀጥሎ የሄድኩበት ሙስሊም ነጋዴዎች ያቋቋሙት ነው፤ ንጹሕ፣ ዛፍ የሞላው ግቢ። የአባቷን ስም ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ የእኔን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ፎቅ ገባሁ። እዚያ ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው እንግሊዝኛ ነው። ሕፃናቱ በተርታ ተቀምጠው ፊደል ያነበንባሉ፣ የቤት ሥራ አላቸው፣ ደረጃም ይወጣላቸዋል። ልጄ መግቢያ ፈተናው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ኮራሁባት።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቴ ከታክሲ መውረጃው ጀርባ ወዳለ አሮጌ ግቢ ወሰደችኝ። ልጆቹ ከሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች በመጣ ጭቃ እስከ ክርናቸው ተለቅልቀው ድስት የሚመስል ነገር ይሠራሉ። አስተማሪዋ መሬት ላይ አብራቸው ተቀምጣለች። ምሳ ሲደርስ ሁሉም አንድ ትሪ ከበቡ፤ ምስርና ጎመን ነው። ዳይሬክተሯ፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ጎልማሳ ሴት፣ "ሥጋ አናስገባም፤ ሁሉም አብሮ እንዲጎራረስ" አለችኝ። ከእኛ ቤት ሌላ እንዲህ ያለ ማዕድ አይቼ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ።

ቢሮዋ ገብተን ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችኝ፣ ባለቤቴ መሞቱን ነገርኳት።

"ልጅትዋ ምን ታውቃለች?"

"ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል ብለናታል።"

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማንም ያውቃል። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኩቶ ነው። ያ ግን ለትልቅ ሰው ነው። ለሕፃን መርዶ የሚያረዳ የለም፤ ይደበቅለታል፣ በዚያው ይረሳል ይባላል። ለቅሶው እስኪያልቅ ልጄን አክስቷ ጋ አቆየናት። እኔም ጥቁር ነጠላዬን በር ላይ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ ነበር ቤት የምገባው። ዘመዱም ጎረቤቱም ውሸቱን ተባበረኝ።

"ልጅዎን ደስ ብሎን እንቀበላለን" አለች ዳይሬክተሯ። "ግን እ... እኛ እዚህ ልጆችን አንዋሽም። ከጠየቀችን እናትሽን ጠይቂ እንላታለን። ይመጣል ግን አንላትም።"

ተናደድኩ። እሷ ማናት ልጄን የምታስለቅስብኝ? ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ዳገቱን ሳላርፍ ነው የወጣሁት። ቤት ደርሼ ለእናቴ ስነግራት እሷም ተቆጣች።

"ሕፃን ላይ መርዶ? ጡር አትፈሪም? ግድ ከሆነም ከመላእክት ጋር ነው በያት።"

ለአማቴ፣ ለባለቤቴ እናት፣ ደወልኩላቸው። "ጀነት ነው ያለው በያት፣ ልጄ" አሉኝና ማልቀስ ጀመሩ።

ሁለቱም የሚሉት ነበራቸው። እኔ ብቻ ባዶ እጄን ነበርኩ። አንዱን ብመርጥ ለሟች የገባሁትን ቃል ማፍረስ ነው። ወገን የሌለው ትምህርት ቤት ስፈልግ፣ አባቷ የት እንዳለ በእኔ ፈንታ የሚነግራት እንደማይኖር አላሰብኩም ነበር። በጣም ናፈቀኝ ያን ቀን። ቃሉን አብረን ገብተን፣ መጠበቁን ለእኔ ብቻ ትቶ ስለሄደ ደግሞ ተቀየምኩት።

ቀላሉ መንገድ ፎቁ ትምህርት ቤት ማስገባት ነበር፤ እዚያ ማንም ምንም አይላትም። ግን እንደዚያ ብዬ ስንት ዓመት እሄዳለሁ? አንድ ቀን ከመንገድ ልጅ ትሰማዋለች። ያን ጊዜ ውሸታሟ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋው ላይ ፀጉሯን እየሠራሁላት ነገርኳት። እንደ ሽማግሌዎቹ ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ አስቤ ነበር፤ አፌ ግን በአጭሩ አወጣው።

"አባዬ ሩቅ አገር አልሄደም። ታሞ ሞተ። ከእንግዲህ አይመጣም።"

ወደ እኔ ዞረች። ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

"የት ነው ያለው?"

"መቃብር ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም። አያትሽ የምትለው አለ፣ የአባዬ እናትም የሚሉት አለ። ትጠይቂያቸዋለሽ።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጠረች።

"እና የድሮው ቤታችን ሄዶ፣ ፈርሶ አይቶ፣ እኛን አጥቶን አይደለም የቀረው?"

"አይደለም" አልኳት።

ያን ጊዜ አለቀሰች።