ቀይ ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር

ሳቢኖ ቱንኪ ሰው አያምንም። በሊማ ከተማ፣ በሳን ሁዋን ደ ሉሪጋንቾ ገበያ በር ላይ ቁልፍ መቅረጽ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሰው ቤት በስንት ደቂቃ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ይመን? ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ቁልፉን ሳይሆን ፊቱን ነው። «የማን ቤት ነው?» ይላል። የሚቀየሙት አሉ። እሱ ግን ይጠይቃል።

የራሱ ቤት በር ሦስት ቁልፍ አለው። ከበሩ ወዲያ፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት ነገር ተቀምጧል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ በዕቃ እየለቀመ በገዛ እጁ የገጣጠመው የጌም ኮምፒውተር። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ፣ በእህቱ በኖርካ ቀይ የጥፍር ቀለም፣ የስሙን ሁለት ፊደል ጽፎበታል። በሊማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለጥገና የተሰጠ ኮምፒውተር ደህናው ዕቃ ወጥቶ አሮጌ ገብቶበት ይመለሳል የሚል ወሬ ያልሰማ የለም፤ ስለዚህ ሰው ዕቃው ላይ ይፈርማል። ሳቢኖ ሳይፈርምበት የቀረው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነበር። በየካቲት ግን የጎረቤቱ ፕሮሰሰር ተለወጠበት ሲባል ሰማ። የዚያኑ ዕለት ማቀዝቀዣውን ፈትቶ፣ በመሀል የሚቀባውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ጠርጎ፣ በፕሮሰሰሩ ብረት ላይ ፊደሎቹን ወፈር አድርጎ ሁለቴ ደራርቦ ጻፈና መልሶ ገጠመው። ያን ጊዜ በሐሳቡ የታየው ሌባው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ መንተባተብ ጀመረ። ጨዋታው ሲጋጋል ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ሲመለስ የሳቢኖ ተዋጊ መሬት ላይ ተዘርሯል። መጀመሪያ የበጋውን ሙቀት ጠረጠረ። በጋው አለፈ። ቀጥሎ ኢንተርኔቱን ጠረጠረ። በመጨረሻ የጨዋታውን ሠሪዎች፦ ሰው አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ሆን ብለው ነው የሚያከብዱት አለ።

የሚጫወተው ከአራት የገበያ ሰዎች ጋር ነው፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ አራት ዓመት ሙሉ። ከእነሱ በቀር ከማንም ጋር ረጅም ወሬ የለውም፤ ከእነሱም ጋር ቢሆን ወሬው በጆሮ ማዳመጫ ነው። የቡድኑ አለቃ ጭማቂ ሻጯ ዴልፊና ናት። ሐሙስ ዕለት እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«ስማ፣ አንተ ቁልፌ። እሑድ ግማሽ ፍጻሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማሽንህ አሁንም ከደረቀ የእህቴን ልጅ ዩሪን ነው የማስገባው። ለአንድ እሑድ እንዳይመስልህ። ለሁልጊዜ።»

«አራት ዓመት አብረን…»

«አራት ዓመት ተጫወትን፤ ሦስት ወር ደግሞ ሬሳህን ስንጎትት ከረምን! ያንን ፕሮሰሰር ለውጠውና ገላግለን።»

«ለውጠው ያለሽ ዩሪ ነው?»

«ኧረ ሰውዬ! አንተ እኮ ጥላህም ሲከተልህ ዞረህ ታያለህ።»

አርብ ዕለት የኮምፒውተር ሱቆች ወደተደረደሩበት ወደ ዊልሰን ጎዳና ወረደ። ደንበኛ ጎታቾቹ ገና ከመንገዱ እጅጌውን ያዙት። «አለቃ፣ ፕሮሰሰር? ና ግባ፣ ማየት በነጻ ነው!» አራት ሱቅ ገባ። አራቱም ነገሩን ሳይጨርስላቸው «ይለወጥ» አሉት። አንደኛውማ «ይኼ እኮ ጡረታ የወጣ ነው፣ ወንድሜ!» ብሎ ሳቀበት። አዲስ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ሊገዛበት ያጠራቀመው ገንዘብ በውስጥ ኪሱ ነበር፤ ለፕሮሰሰር ይበቃል። ግን አራቱም አንድ ዓይነት መልስ የሰጡት ለምንድነው? ተነጋግረው መሆን አለበት።

አምስተኛው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ዶን አብዶን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ሳላየው አልሸጥልህም» አሉ። «ማሽኑን ይዘህ ና።»

ሳቢኖ ከሁሉም አብልጦ እሳቸውን ጠረጠረ። መሸጥ የማይፈልግ ነጋዴ ምን ፈልጎ ነው? ማሽኑን ነዋ! ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎ ወሰደው። አጠገባቸው ተቀምጦ ዓይኑን ካልነቀለ ምን ያመጣሉ?

«አጎቴ፣ እጅጌዎን ቢሰበስቡልኝ።»

ሽማግሌው እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፤ እንዲህ ያለው ደንበኛ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ብሎኑን ፈቱ፣ ማቀዝቀዣውን አነሱ። ቀዩን ፊደል በጣታቸው ነኩ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ምልክቴ ነው። ሁሉም ላይ አለ።»

«ሁሉም ላይ ይኑር! እዚህ ላይ ግን ምን ሲል? ይኸውልህ ልጄ፣ ይህ ብረትና ማቀዝቀዣው ገጥመው ካልተኙ ሙቀቱ መውጫ የለውም። አንተ መሀላቸው ግንብ ገነባህ። ማሽኑ እንዳይቃጠል ብሎ ነው የሚያዘግመው። መቼ ነው የጻፍከው?»

«በየካቲት።»

«መንተባተብ የጀመረውስ?»

ሳቢኖ በጣቱ ወራት ቆጠረ።

«ልጥረገው?»

ሳቢኖ ወደ ፊደሎቹ ጎንበስ አለ። ሌባ ቢሆን በመጀመሪያ የሚያጠፋው ምልክቱን አይደል? ከተጠረገ ይኼ ፕሮሰሰር መንገድ ላይ ካሉት ሺህ ፕሮሰሰሮች በምን ይለያል? ደግሞ ዩሪ በእሱ ቦታ ተቀምጦ ሲስቅ ታየው። ማሽኑ የታመመበት የካቲትም ያው የጻፈበት የካቲት ነው፤ ይህን ማንም ሌባ አልቀየረውም።

«ይጥረጉት» አለ።

ቀለሙ በአሴቶን እየለቀቀ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ዴልፊና ናት። አንገቱን ደፍቶ አጠፋው። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ሲል ፕሮሰሰሩ በሽማግሌው መዳፍ ላይ ነጥቶ፣ ስም አልባ ሆኖ አየው።

አዲስ ቅባት ቀብተው ገጠሙት፣ ሞከሩት፣ ሙቀቱ ወረደ። «አዲስ አትገዛም» አሉ ዶን አብዶን፤ የጠየቁት የቅባቱንና የእጃቸውን ብቻ ነው። ሳቢኖ በመንገድ ሁሉ ትንሽ ያስከፈሉት ለምን እንደሆነ ሲያስብ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ካቻቢቴ ይዞ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ሦስት ሰከንድ። የሽማግሌው እጅጌ ተሰብስቦ ነበር፤ የጠረጴዛቸው መሳቢያ ግን ክፍት ነበር። የተመለሰለት የእሱው ፕሮሰሰር መሆኑን አንዴ ብቻ ቢያይ? ግን ለማየት ማቀዝቀዣው መነሳት አለበት፤ ከተነሳ ቅባቱ ይበላሻል፤ ሌላ ቅባት ቤት ውስጥ የለም።

«ቁልፌ፣ አለህ?» አለች ዴልፊና በጆሮው። «ዩሪ እዚህ አጠገቤ ነው፤ እጁን እያሟሟቀ።»

ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ከኋላው ለቆመችው ለእህቱ ለኖርካ ሰጣት።

«እስክንጨርስ እንዳትሰጪኝ።»

«ሌላ ትቀርጽ የለ?»

«ቀርጬ እስክመለስ ጨዋታው ያልቃል። አለሁ፣ ዴልፊና!»

ሃምሳ ደቂቃ ተጫወቱ። ምስሉ አንዴም አልቆመም። ግማሽ ፍጻሜውን በአንድ ነጥብ ተሸነፉ፤ ዴልፊና ሁሉንም በየስማቸው ሰደበች፤ ዩሪን ግን አላነሳችም። «እሑድ በዚሁ ሰዓት፣ ቁልፌ» ብላ ዘጋች።

ኖርካ መጥታ የመሳቢያውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ሳቢኖ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደውና ጥርሶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

ያው የእሱ ቁልፍ ነበር።