የጋሼ ሬዲዮ እስኪሞቅ

ዛሬ በአምፖል የሚሠራውን የታላቅ ወንድሜን የጋሼን ሬዲዮ ከፈትኩና ድምፅ አልወጣው ሲል ጀርባውን ፈታሁት። የጋለውን አምፖል በጣቴ ይዤ ጮህኩ። ሽማግሌ ሲሆኑ ጥበብ ይመጣል ያሉኝ ዋሽተውኛል።

«ገና አልሞቀም እኮ! አንተስ መቼ ነው የምትበስለው?» አሉኝ የጋሼ ባለቤት እትዬ። ጋሼ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልባቸው፣ «ሬዲዮውን አናግርልኝ» ብለው የጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሼ የሰው ሁሉ አሮጌ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ክረምት የደብረ ብርሃንን መንገድ ጭቃ ሲያደርገው፣ እግራቸው እስከ መስከረም እንዳይዝል ብስክሌታቸውን ቤት ያስገባሉ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው በእንጨት ያቆሙትና ሬዲዮውን ከፍተው ይጋልባሉ። «ከሁለታችን ማን ቀድሞ ይሞቃል?» ይሉ ነበር።

ዛሬም ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ሞቀና «ጓድ» እያለ ዜናውን ጀመረ። እትዬ ግን ግራ ገባቸው።

«ሬዲዮውስ የእሳቸው ነው። ምን እንደጎደለው እንጃ» አሉ።

እኔም ግራ ገብቶኝ ቁልፉን ወዲያ ወዲህ አዞርኩ፤ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ምንም አልጎደለውም። ቢቸግረኝ እዚያው በእንጨት እንደቆመ ያለው ብስክሌት ላይ ወጥቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። ጎማው ሹርር እያለ መሽከርከር ሲጀምር እትዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እሳቸው ናቸው። ዜናው እስኪያልቅ እንዳታቆም!»

እግሬ ግን ከዜናው ቀድሞ አለቀ። ለእትዬ የግማሽ ዜና ግልቢያ አለብኝ።