የእቴቴ እንግዶችና የኮንክሪቱ አጥር

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አፍሽን ለጉርሻ ካልሆነ እንዳትከፍቺ!» አለችኝ እቴቴ፣ ፊቴ ላይ ጭልፋዋን ቀስራ።

እቴቴ አክስቴ ናት። በሰው አገር፣ ናካዋ በሚባል ሰፈር፣ ዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ እኔ አስተናጋጇም አስተርጓሚዋም ነኝ። የምንተዳደረው ከመንገዱ ማዶ ባለው ሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ሰልችቷቸው ሽሮ ለምደዋል። ገሚሶቹ መኪና እያስቆሙ ተሻግረው ይመጣሉ፣ ለተረኞቹ እኔ በፌስታል አደርሳለሁ። ያን ቀን መንገዱን የሚያሠሩት ሰዎች ነዋሪውን የሚያወያዩበት አዳራሽ ቢያጡ፣ እቴቴ ቤቷን ሰጠቻቸው።

ነዋሪው በእግሩ መጥቶ በሰዓቱ ደረሰ። ስለ መኪና መጨናነቅ ሊያወያዩን የመጡት ግን መጨናነቁ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተገትረው ቀሩ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ትልልቅ መኪና።

ከሦስቱ አንዱ፣ መሐንዲሱ፣ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። እግረኛ መኪና ስለሚያስቆም፣ መንገዱ መሀል ደረት የሚደርስ የኮንክሪት አጥር ይቆማል አለ። ለእቴቴ ተረጎምኩላት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የፋብሪካው ልጆችስ?» አለችኝ።

«ማዶ ይቀራሉዋ! በይ ተናገሪ» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? ሰውዬው ገና እህል አልቀመሰም እኮ።»

ቀመሰ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለች ሦስት ጊዜ አጎረሰችው። ሦስተኛዋን ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አሁንስ?» አልኳት።

«ካጎረስኩት በኋላማ ነውር ነው!»

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ መሐንዲሱ። አንድም እጅ አልወጣም። መጀመሪያ የወጣችው እጅ የእቴቴ ናት፣ ወጥ እንደነካች።

«እቴቴ! አበድሽ?»

«እንግዳዬ ሰው ፊት ሲያፍር ቁጭ ብዬ ልይ?»

የቤቱ ባለቤት ካወጣች ብሎ ነዋሪውም ተከታትሎ እጁን አወጣ።

«እኔ ምሳ ይዤ በየት ልሻገር?» ብዬ መሐንዲሱን ጠየቅኩት።

«ድልድይ አለ እኮ።» ጣቱ ካርታው ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ ቆመ። «በመኪና አምስት ደቂቃ ናት።»

«በእግርስ?»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «በእግሩ የሄደባት አለ?» አላቸው።

የፋብሪካው ምሳ ሰዓት ደርሷል። ለተረኞቹ ካሰናዳኋቸው ሁለት ፌስታሎች አንዱን ካርታው ላይ አስቀመጥኩለት።

«እርስዎ ይህን ይያዙና በድልድዩ ይምጡ። ሃያ ሰው ነው የሚጠብቅዎት፣ ደግሞ ወጡ እንዳይፈስ።»

«አንቺ ባለጌ!» ብላ እቴቴ ተነሣች።

ሌላኛውን ፌስታል አንጠልጥዬ፣ እንደ ወትሮዬ መኪና እያስቆምኩ ልሻገር ወጣሁ።