በተዘጋ ጓሳ ላይ የተተከለ ድንኳን

ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጌ ነው እንጂ ጥፋት ፈልጌ አልሄድኩም። ያኔም እንዲህ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። እውነቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዲት የክፍል ጓደኛዬን ይዤ አገሬ መንዝ ገባሁ። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አባቷ ወታደር ስለነበሩ አንድ ያረጀ ድንኳን ከነካስማው ሰጥተዋታል። ሐሳባችን ሰው የማይደርስበት ሜዳ ፈልገን፣ ድንኳን ተክለን፣ ለፈተና ማጥናት ነው። በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን መሐል ሜዳ ስንወርድ ሰው ሁሉ እኛን ትቶ ድንኳኑን ያያል።

"ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ?" አለችን አንዲት ቅቤ ሻጭ።

"ጥናት ነው" አልኳት።

"እሱስ ይተላለፋል?"

ቤት ስንደርስ እናቴ ምጣድና ገንቦ እየደረደረች ነበር፤ እንግዳ ልታበላ አይደለም፣ ጣራው ስለሚያፈስ። የበልግ ዝናብ ገብቶ ቤቱ አምስት ቦታ ያንጠባጥባል። በእኛ አገር ጣራ የሚከደነው በጓሳ ሣር ነው። ጓሳው ያለበት ደጋ ደግሞ ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀኑት አባቶች ዘሮች ተሰብስበው ከዘጉት ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ወንዶች በየተራ ይጠብቁታል፣ እስኪከፈት ድረስም ላይነካው፣ የነካውንም ላይደብቅ ሁሉም ይምላል። ሲከፈት እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል። ቀድሞ ያጨደ ድርሻውን ያጣል። በአያቶቻችን ጊዜማ ቤቱ ይቃጠል ነበር ይባላል።

በዚያ ዓመት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሊከፈት ነው። አባቴ ማጭዳቸውን ስለው ምሰሶው ላይ ሰቅለውታል። ያንን ማጭድ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየው ነበር፤ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ቤቱ በፋሲካ እንግዳ ተሞልቷል። ድንኳን እንትከል ብዬ ስጠይቅ አባቴ የድንኳኑን ሸራ በእጃቸው ዳሰሱ።

"ከአክስትሽ ግቢ ትከሉት" አሉ በመጨረሻ። "ከዚያ ወዲያ አንዲት እርምጃ የለም።"

አክስቴ ግቢ ተከልነው። ግማሽ ቀን ሳይሞላ የአጥር ማዶ ጎረቤቶች ድንኳኑን አይተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "እግዜር ያጥናሽ" እያሉ ገቡ። አክስቴ ማንም አልሞተም ብላ ብትምል አንዷ አላመነችም፤ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ልጆች መጡ። ከዚያ ውሻው ካስማውን ነቀለ።

እኔ ትዕግሥት የለኝም። በማግስቱ ጠዋት ለአክስቴ "ወደ ቤት ተመለስን" ብዬ ድንኳኑን ጠቅልዬ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሞከርን፤ የቆሎ ተማሪዎች ዜማ ያወርዱታል። ወንዙ ዳር ሞከርን፤ ውሃ ቀጂዎች እንስራቸውን አስቀምጠው አፍጥጠው ያዩናል። ሽቅብ ወጣን። ሰዎቹ አለቁ፣ ማሳው አለቀ፣ የውርጭ አገሩ ተክል ጅብራ መጣ። ከዚያ ጓሳው፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በነፋስ የሚተኛና የሚነሳ ሣር። ሰው የለም። ከብት የለም።

"እዚህ ለምን ማንም የለም?" አለችኝ ጓደኛዬ።

"ስለተዘጋ ነው።"

"ታዲያ እኛስ?"

"የተዘጋው ለማጭድና ለከብት ነው። ለመጽሐፍ አልተዘጋም።"

መልሴን ወድጄው ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጠናን። እንደዚያን ቀን ሒሳብ ገብቶኝ አያውቅም። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ድንኳኑ ከላይ ቻለው፤ ከታች ግን ውሃው ገብቶ ያነጠፍነው የሱፍ ባና ራሰ። ጓደኛዬ ከንፈሯ ጠቆረ። መንቀጥቀጧን መጀመሪያ ሳቅንበት። በኋላ ስሟን ስጠራት መልሷ ተቆራረጠ፤ ከዚያም መመለስ ተወች። እንዲህ ያለ ብርዳም ደጋ ወጥታ እንደማታውቅ፣ እኔ እንዳመጣኋት፣ የት እንዳለን ደግሞ አንድም ሰው እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

የዳቦ ቢላዋ ነበረን። ወጥቼ አጨድኩ። ጓሳ ከላዩ ሲራገፍ ውስጡ ደረቅ ነው። እጄ እኔን አልጠበቀም፤ ጓሳው ባለፈው ሲከፈት፣ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጎን እንደሠራሁት፣ ጭብጥ፣ ጥምዝ፣ እስር። ሰባት እስር አደረግሁ። ግማሹን ፈትቼ ጎዘጎዝኩላት፣ ግማሹን ላይዋ ላይ ከመርኩት። ቆይታ "ያሳክካል" አለች። ደስ አለኝ።

መምሸት ሲጀምር ወጥቼ ዞር ብዬ አየሁ። ያጨድኩበት ቦታ በዚያ ሁሉ ሣር መሐል እንደተላጨ ራስ ያበራል።

ጓደኛዬ መራመድ ስላልቻለች እዚያው አደርን፤ ጠዋት ከድንኳኑ ውጭ ሰው ሲያስል ሰማን። ወጣን። የዝናብ ገሣ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። የሌላ ደብር ሰው ስለሆኑ አላወቁኝም።

"እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ።"

"ደህና። ማናችሁ ናችሁ ያጨዳችሁ?"

"እኔ ነኝ" አለች ጓደኛዬ ቀድማኝ። "የዚህ አገር ሰው አይደለሁም። አላወቅኩም።"

አልተማከርንበትም ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ያልተፈታ አንድ እስር አነሱ፣ አገላበጡት፣ ፈቱትና ሰጧት።

"እስቲ እሰሪው።"

ተቸገረች፣ ታገለች፣ በመጨረሻ በሣሩ የጫማ ክር የሚመስል ነገር ቋጠረች።

"ጫማሽን ከሆነ ደህና አስረሻል" አሉ። ቋጠሮው በእጃቸው ላይ ተበተነ። ሣሩን ወደ እኔ ዘረጉት። "አንቺስ?"

ተቀበልኳቸው። አበላሽቼ ባስር አባቴ ጣራቸውን ይከድናሉ። ነገሩ ሁሉ በዚያች አንድ ጭብጥ ሣር ላይ ነበር። ጣቴን አደነቃቀፍኩ፣ ሣሩን ወደማይዞርበት አዞርኩት። ሽማግሌው እጄን እንጂ ፊቴን አያዩም።

"እጅሽን አታስዋሺው፣ ልጄ" አሉ።

በትክክል አሰርኩት።

"የማን ልጅ ነሽ?"

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት።

"አባትሽ አምና በተራው ዘብ ወጥቶ የእህቴን ልጅ ያዘው። ሁለት እስር ነበር። እኔ ራሴ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። እህቴ ዘንድሮ ቤቷን የምትከድነው በገለባ ነው።"

"አባቴ ምን አሉዎት?"

"'ምያለሁ' አለኝ።" ገሣቸውን አስተካከሉ። "እኔም ምያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ አለ። እዚያ እናገራለሁ። አባትሽ ግን ከእኔ አፍ አይስማው።"

ሰባቱን እስር ለቃቅሜ፣ አስሬ፣ ተሸክሜ ወረድኩ። ጓደኛዬ ድንኳኑን ይዛ ከኋላዬ ናት። አባቴ መሰላል ላይ ቆመው የጣራውን ወራጅ በክንዳቸው ይለካሉ።

"አባባ፣ ጓሳ አጭጃለሁ።"

አልወረዱም። "ስንት እስር?"

"ሰባት።"

"ማን ያዘሽ?"

ሽማግሌውን ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ወረዱና መሰላሉ ሥር ተቀመጡ። እናቴ ከውስጥ ሰምታ ወጣች።

"ልጅ ናት፣ ብርድ ነው ይበሉ። ሽማግሌ ይላኩባቸው።"

"አምና እሱ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ እኔ ጋ መጥቶ ነበር" አሉ አባቴ። "ምን ብዬ ልላክ?"

የተሳለውን ማጭድ ከምሰሶው አውርደው ጆንያ ውስጥ ከተቱት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ጉባኤው በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌው ሊናገሩ ሲነሱ አባቴ ቀደሟቸው። ሰባቱን እስር ተሸክመው መሐል ገቡና መሬት ላይ አስቀመጡ። "ልጄ ናት" ብለው ብቻ ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ነበርኩ። ሴት በዚያ ጉባኤ አትናገርም፤ እኔ ግን ተናገርኩ።

"ያጨድኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ድርሻ ይቀነስ።"

"አንቺ ደግሞ ድርሻ አለሽ?" አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን አስቤውም አላውቅም። ስናጭድና ስናስር የኖርነው ሴቶች በጓሳው ላይ ስም አልነበረንም። ይህ ነገር ከቅጣቱ ይልቅ ቆረጠኝ።

የአባቴ ድርሻ ቀረ። ሰባቱ እስር ለቤተ ልሔሙ ክዳን ተሰጠ። ሲበተኑ ሽማግሌው አባቴን እጅ ነሷቸው፣ አባቴም አጸፋውን መለሱ።

ጓደኛዬ ስትሄድ ድንኳኑን ለጣራው ብላ ትታልን ነበር። አባቴ አልተቀበሉም። "ያን ነገር ቤቴ ላይ ባወጣው አገሩ ሊያለቅስ ይመጣል" አሉ። ጓሳው የተከፈተ ቀን ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ እሳቸው የገብስ ገለባ ሲያስሩ ዋሉ። እኔ አቀበልኳቸው።

ክረምት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገለባው ጠቁሮ ረግቧል። መጽሐፌን ይዤ ከመደብ መደብ ዞርኩ፤ የተቀመጥኩበት ሁሉ ያንጠባጥባል። አባቴ ከራሳቸው መደብ ላይ ሆነው ያዩኛል። በዚያ ቤት ውስጥ የማያፈሰው የቀረው ጥግ ያ መደብ ብቻ ነበር።

ተነሱና በርኖሳቸውን ሰብስበው ወደ ምድጃው ሄዱ።

"ነይ እኔ መደብ ላይ ተቀመጪ" አሉኝ ሳያዩኝ። "እዚያ ጸጥ ይላል።"