የዳማ ሰኮና

ባለፈው ቅዳሜ አስኮ ታክሲ ስጠብቅ አሸዋ የጫነ ጋሪ በፊቴ አለፈ። ሰው የፈረሱን ቁመና ያይ ይሆናል፤ የእኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ ወደ እግሩ ነው የሚወርደው። ኮቴው አስፋልቱን የሚመታው እኩል ነበር። ደስ አለኝና የእህቴ ሰርግ ትዝ አለኝ።

ያኔ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፤ ከእኛ ከልጆቻቸው ባያስበልጡትም አያሳንሱትም። ሙሽሮቹን በዳማ ላይ ሆኜ ካልመራሁ ብለው ምለው ነበር።

የሰርጉ ሳምንት ገብቶ ግቢው ጠላ ጠላ፣ በርበሬ በርበሬ ሲሸት፣ አንድ ጠዋት ዳማ የፊት ቀኝ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው። ጎረቤታችን ጋሽ በየነ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ትከሻው ነው። ብረት አግሎ መተኮስ ነው መድኃኒቱ» አሉ።

አባቴ ፊታቸው ጠቁሮ ከሰል ሊያቀጣጥሉ ሲነሱ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ሰኮናውን ልየው!»

«ጥፍር ምኑ ይታመማል?»

ሰኮናው ይፋጃል። በፒንሳ ዙሪያውን ጫን ጫን ሳደርግ አንድ ቦታ ላይ ዳማ አጥሩን ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

«ውጪው እንደ እኛ ጥፍር ነው፤ ቢቆረጥም አይሰማውም» አልኳቸው። «ውስጡ ግን ደም ያለበት ሥጋ ነው። እዚያ መግል ሲቋጥር ጥፍሩ አይለጠጥለት፣ መውጫ የለው፤ ሥጋውን ይጨምቀዋል።»

«እንደ ጥርስ ሕመም በይኛ!» አሉና ጉንጫቸውን ያዙ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ አስተማሪ ሞክሬ አላውቅም። ከሥር ያለውን ደረቅ ጥፍር በቢላ ስስ ስስ አድርጌ ላጥኩት። ድንገት ጥቁር፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ፊጭ አለ። ዳማ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔም አብሬው።

እግሩን ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ስንዘፈዝፍ እናቴ ደረሰች።

«በሳፋዬ? የሰርጉን ሊጥ በምን ላቡካ?»

አባቴ አልሰሟትም። ጎንበስ ብለው የሌላኛውን እግር ሥር ያያሉ። «ይቺስ መሃል ላይ ያለችው ለስላሳዋ ባለ ሦስት ማዕዘን?»

«ሲረግጥ መሬቱ ይገፋታል፤ ተረከዙም ትንሽ ከፈት ይላል። ያን ጊዜ ምቱ ይበርድለታል፤ ወደ እግሩ የወረደውም ደም ተገፍቶ ወደ ላይ ይመለሳል።»

«ስለዚህ ፈረስ በሄደ ቁጥር ደሙን በእግሩ ይቀዳል!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

በሰርጉ ቀን ዳማ ማነከሱን ቢተውም ቁስሉ ገና ስለነበር እንዳይጫን ከለከልኩ። ሰኮናውን በጨርቅና በቆዳ ጠቀለልንለት፤ አባቴም ካባቸውን ደርበው፣ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው መሩ። አጃቢው «ለምን አይቀመጡበትም?» ባለ ቁጥር ቆም ይሉና ማስረዳት ይጀምራሉ። ድንኳኑ ውስጥማ የሙሽራውን አባት ከነጉርሻቸው ጎትተው አውጥተው የዳማን ደህናውን እግር አነሱላቸው። «ይቺን ይንኳት እስቲ» ሲሉ ሰማሁ፤ ሰውየው በሁለት ጣታቸው ነኩና «አጃኢብ ነው!» አሉ።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ብዙ ፈረስ አክሜ፣ ብዙ ተማሪ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ሳስበው፣ ያን ትምህርት ማወቄን እርግጠኛ የሆንኩት ፈተና ያለፍኩ ዕለት አይደለም፤ አባቴ የራሳቸው ግኝት አስመስለው፣ እኔን ዘንግተው፣ ለሰው ሲያስተምሩት የሰማሁ ዕለት ነው።